ፀሐይ የጠበቅንለት ግድግዳ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረን ስል፣ ብዙ ሰው ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ያደግሁ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ትዳር ሊመጣልኝ ነው እየተባለ በሚወራበት ዕድሜ እንኳ ካሜራን የማውቀው በመወልወል ብቻ ነበር። ፎቶ የሚያነሳው ታላቅ ወንድሜ ከማል ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በጨለማዋ ክፍል ውስጥ ፊልም አጥባለሁ፣ ወረቀት አትማለሁ፣ በቀጭን እርሳስ ኔጋቲቭ ላይ የሰው ፊት አስተካክላለሁ። የከተማውን ሰው ፊት ከነማዲያቱና ከነጠባሳው አውቀዋለሁ፤ መንገድ ላይ ሳገኘው ግን አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

አባታችን ከጅማ አካባቢ ለጨርቅ ንግድ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ሱቁን የያዘችው እናቴ ሐዋ ናት። ፎቶ ቤቱ ከሱቁ ጎን ስለነበረ ከእሷ ዓይንና ጆሮ የሚያመልጥ ነገር የለም። እናቴ ሁለት ነገር አትወድም፤ እኔ ያለ ምክንያት ከቤት መውጣቴንና ራሷ ፎቶ መነሳትን። ልጇ ፎቶ አንሺ ሆኖ እሷ አንድም ፎቶ አልነበራትም። ከማል በለመናት ቁጥር፣ "ስሞት የሚያስታውሰኝ ካለ በዱዓው ያስታውሰኝ። ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ የመጣ የሄደው ሲያፈጥብኝ መኖር አልፈልግም" ትለዋለች።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ቡናው መቅላት በጀመረበት ወራት ነው። ዝናቡ ግን ከአገር አልወጣም ብሎ ነበር። ከገበያው በላይ ባለው ከፍታ ላይ አዲስ ባለ ሦስት ፎቅ የመንግሥት ሕንፃ ተሠርቶ፣ ዙሪያውን የነበረው የእንጨት ርብራብ ገና መነሳቱ ነው። በዚያን ጊዜ በከተማችን ፎቅ ብርቅ ስለነበር ገበያተኛው ሁሉ ቆም እያለ ያየዋል። አይቶም ይስቃል። ምክንያቱም በምሥራቅ በኩል፣ ደረጃው ባለበት፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ነበር። "የርግብ ቤት" የሚል ስም ወጣለት። "መንግሥት ብሎኬት አልቆበት ነው" የሚሉም አልጠፉም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከማል ለወረቀትና ለማጠቢያ መድኃኒት ጅማ በሄደበት፣ ጃኬቱ ውኃ የሚያንጠባጥብ ሰው ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመ። አወቅሁት። ሕንፃውን ነድፎ የሚያሠራው ኢንጂነር ታምራት ነው።

"ፎቶ አንሺው የለም?" አለኝ።

"ጅማ ነው። ወረቀቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው፤ የሚመለስበት አይታወቅም።"

"ሌላ ፎቶ አንሺስ?"

"ቴፒ አንድ አለ።"

"በዚህ ጭቃ ቴፒ ደርሼ እስክመለስ ቀኑ ያልፍብኛል" አለና ደንበኞች ፎቶ የሚነሱባት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። የከተማው አስተዳደር ኃላፊ ጓድ ሽፈራው ባለ ቀዳዳው ግድግዳ እንዲደፈን ይፈልጋል። ዝናብ ያስገባል፣ ሕዝብም ይስቅበታል። ውሳኔው ግን የእሱ ብቻ ስላልሆነ ጉዳዩን ጅማ ላሉት የበላዮቹ ሊልክ ነው። መኪናው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። ከጉዳዩ ጋር የሕንፃው ፎቶ አብሮ ይሄዳል፤ እዚያ ያሉት ሰዎች የሚወስኑት ያንን ፎቶ አይተው ነው።

"ታዲያ ግድግዳውን ለምን ቀዳዳ አደረጉት?" አልኩት። ጥያቄው ከአፌ ካመለጠ በኋላ ደነገጥኩ።

እሱ ግን ደስ ያለው መሰለ። "ሥራውን ልጀምር ስመጣ ሸኮ አንድ ቤት አደርኩ። ግድግዳው ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ጠዋት ስነቃ ፀሐይዋ በስንጥቁ ገብታ ብርድ ልብሴ ላይ፣ እጄ ላይ፣ መሬቱ ላይ ተዘርግታለች። ተነስቼ መሄድ አቃተኝ። ያንን ነው ከተማ ውስጥ በሲሚንቶ ልሠራው የፈለግሁት።" ወደ ውጭው ዝናብ ተመለከተ። "ርብራቡ ከተነሳ ጀምሮ ግን ፀሐይ ወጥታ አታውቅም። ወረቀት ላይ ሣልኩት እንጂ እኔም እስካሁን አላየሁትም።"

ለምን እንዳልኩት ዛሬም አላውቅም። "እኔ አነሳዋለሁ" አልኩ።

ከጎን፣ ከጨርቁ ጥቅል ጀርባ የእናቴ ድምፅ መጣ። "ምን አልሽ?"

እንደ ምንም ደገምኩት። እናቴ ወጥታ እኔንም ኢንጂነሩንም ተራ በተራ አየችን። እሱ ብድግ አለ። "እማማ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ አልወስዳትም" አላት።

"ብቻዋን አትሄድም" አለች። "አንተም ልጄ፣ ልብስህ ይጨመቅ። ትታመማለህ።"

በዚህ ዓይነት ነው በማግስቱ ዓርብ እኔ ካሜራውን፣ እናቴ ትልቁን ጥቁር ጃንጥላ ይዘን ዳገቱን የወጣነው። በከማል ካሜራ ውስጥ የነበረው ፊልም ጥቂት ፎቶ ብቻ የቀረው ነው፤ ሌላ ፊልም ቤት ውስጥ አልነበረም። ያቺ እንደ ዓይን ሁለት ሌንስ ያላት ካሜራ ደረቴ ላይ ከበደችኝ። ወደታች አጎንብሼ መስታወቷን ሳይ ዓለም ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይታየኛል፤ ወደ ቀኝ ልሄድ ስል ወደ ግራ እሄዳለሁ።

ጓድ ሽፈራው ቀድሞን ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራው እንዳይበላሽበት የሚጨነቅ ሰው ነው። "መጀመሪያ ከፊት ለፊት" አለኝ። "መፈክሩ ሙሉ በሙሉ ይታይ። ፊደል እንዳይቆረጥ።" ከበሩ በላይ የተወጠረውን ቀይ ጨርቅ እያሳየኝ ነው። አነሳሁ። ጠጋ ብዬ አነሳሁ፣ ራቅ ብዬ አነሳሁ። አንዱን በድንጋጤ እጄ ነክቶት አባከንኩት። ሰማዩ እንደ አሮጌ ድስት ክዳን ተደፍቶብናል፤ ሕንፃው በመስታወቷ ውስጥ አንድ ትልቅ ግራጫ ሣጥን ሆኖ ታየኝ። ጥላ የለ፣ ብርሃን የለ። ጓድ ሽፈራው ረክቶ ሲሄድ የፊልሙን ቁጥር አየሁ። የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር።

ለኢንጂነሩ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ሰማይ አየ። "አንድ ይበቃል፤ ከወጣች" አለ።

አልወጣችም። ቀኑን ሙሉ ደረጃው ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ዝናቡ በቀዳዳዎቹ እየገባ ደረጃውን አረጠበው። ጓድ ሽፈራው ያለው ነገር እውነት መሆኑን ሦስታችንም አየን፤ ማንም ግን በአፉ አላወጣውም። እናቴ ከቤት ያመጣችውን ቆሎ አካፈለችን። ሲመሽ ወደ ቤት ወረድን።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ቆመ፤ ጉም ግን ገበያውን ውጦት ነበር። እንደገና ወጣን። ኢንጂነሩ ሌሊቱን ያልተኛ ይመስላል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አለፈ። ጉሙ መሳሳት ሲጀምር ሰዓቱን አየና፣ "ሄጄ ጓድ ሽፈራውን ልለምነው። መኪናውን ትንሽ ቢያቆይልኝ" አለ። "ፀሐይ ከወጣች አትጠብቂኝ። አንሺ።" እየሮጠ ወረደ።

እኔና እናቴ ቀረን። እኔ ደረጃው ሥር፣ ካሜራውን ከደረቴ አስጠግቼ ቆሜያለሁ። እናቴ በርዷታል። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና፣ "እስኪ ከዚህ ላይ ገበያው ምን ይመስላል?" ብላ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። በሕይወቷ ፎቅ ወጥታ አታውቅም። በአንድ እጇ ግድግዳውን እየነካች፣ ቀሚሷን በሌላው ሰብስባ፣ እግሯን እየመረመረች ወጣች።

የደረጃው ማረፊያ ላይ ስትደርስ ፀሐይ ወጣች።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቀስ ብላ አልመጣችም። ከተራራው ጀርባ ያለው ደመና ሲከፈት፣ በእነዚያ በተሳቀባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ብርሃን በአንድ ጊዜ ገባ። ደረጃው ላይ፣ ከቀዳዳዎቹ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ነጫጭ አራት ማዕዘኖች ተዘሩ። ግድግዳው ላይ የወደቁት ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ ደረጃው ላይ ያሉት በየእርከኑ እየተሰበሩ እንደ ፈሳሽ ይወርዳሉ። በመካከላቸው ያለው ጥላ ደግሞ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁር ነበር። ትናንት ሣጥን የነበረው ሕንፃ ውስጡ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ነበር።

እናቴ ባለችበት ቆመች። ቀሚሷ፣ ሻሿ፣ ትከሻዋ በብርሃን ተከፋፍሏል። "ያ ረቢ" ስትል ሰማኋት። ከዚያ ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ አነሳችና መዳፏን ወደ ብርሃኑ ዘረጋች፤ ሕፃን ልጅ የዝናብ ጠብታ እንደሚቀበል።

ከማል ሲለካ አይቻለሁ እንጂ የፀሐይን ብርሃን ራሴ ለክቼ አላውቅም። የማውቀው ኔጋቲቭ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስንት የሠርግ ፊልም አይቻለሁ፤ የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ብርሃን በዝቶበት፣ ጥልፉ ጠፍቶ፣ ወረቀት ላይ ባዶ ሆኖ የሚወጣ። ብርሃኑን ካቃጠልኩት አይመለስም። ስለዚህ ጥላው የራሱ ጉዳይ ብዬ የብርሃኑን መጠን ብቻ አሰብኩና የካሜራዋን የብርሃን ማስገቢያ አጠበብኩት። እናቴ ፎቶ መነሳት እንደማትወድ ትዝ ያለኝ ጣቴ ማንሻው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ብጠራት ትዞራለች፤ ብትዞር ሁሉም ያልቃል።

ተጫንኩት። ካሜራዋ "ጭ" አለች።

ደመናው ተመልሶ ሲገጥም ኢንጂነሩ እያለከለከ ደረሰ። ደረጃው ጨልሟል። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ።

"ወጥታ ነበር?"

"ወጥታ ነበር።"

"አየሽው?"

"አየሁት።"

"ያዝሽው?"

"አላውቅም" አልኩት። እውነቴን ነበር።

እናቴ ከላይ እየወረደች፣ "ልጄ ሆይ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው የሠራኸው!" አለችው። ካሜራው ድምፅ ሲያሰማ እንዳልሰማች ያን ጊዜ ገባኝ።

መኪናው ከስድስት ሰዓት አያልፍም ተብሏል። ቤት እንደደረስን ጨለማዋ ክፍል ገባሁ። ፊልሙን አጥቤ ሳወጣው እናቴ ከሰል አቀጣጥላ፣ ራቅ አድርጌ የሰቀልኩትን ፊልም በማራገቢያ ታደርቅልኝ ጀመር። ምን እንዳለበት አልነገርኳትም። ቀን ቀን የከተማው መብራት ስለማይሠራ ፎቶ ማጉያውን የምናበራው በመኪና ባትሪ ነው፤ ባትሪውም ደክሟል፣ መድኃኒቱም አርጅቷል። የመፈክሩን ፎቶ አተምኩ። ከሣጥኑ ሥር ጥሩ የሚባል አንድ ትልቅ ወረቀት ቀርቶ ነበር፤ እሱን ለመጨረሻዋ ፎቶ አደረግሁት።

"እማ" ብዬ ጠራኋት። "ነይና እይ።" ተደብቄ ላትመው አልፈለግሁም።

ገብታ መጋረጃውን ዘጋች። በቀይ ጨርቅ በተጠቀለለችው የእጅ ባትሪ ሥር ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርኩት። ምንም አልወጣም። ከሣህኑ ሥር የሞቀ ውኃ ያለበት ሌላ ሣህን አደረግሁ፤ መድኃኒቱ ሲሞቅ እንደሚነቃ ከማል አስተምሮኛል። ጠበቅን። የእናቴ ትንፋሽ ይሰማኛል። መጀመሪያ ጥላው መጣ፤ የደረጃው ጠርዝ፣ የጣሪያው ጥግ። ከዚያ በጥላው መካከል ነጫጮቹ አራት ማዕዘኖች አንድ በአንድ ተለዩ። በመጨረሻ ጥቁር የሆነች፣ ፊቷ የማይታይ አንዲት ሴት መጣች። ከእሷ ጎልቶ የሚታየው የተዘረጋ እጅ ብቻ ነው። የመዳፏ መስመር ሳይቀር ይታያል።

"ይሄ እጅ የኔ ነው?" አለች እናቴ።

"ያንቺ ነው፣ እማ። ሳልጠይቅሽ ነው ያነሳሁት። ካልፈቀድሽ አልሰጣቸውም።"

ውጭ የኢንጂነሩና የጓድ ሽፈራው ድምፅ ይሰማል፤ መኪናው ሱቁ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል።

"ካልሰጠሻቸው ምን ይሆናል?"

"ግድግዳው ይደፈናል።"

እናቴ ወደ ሣህኑ አጎነበሰች። "እነሱ እኮ ያላዩትን ነው የሚደፍኑት" አለች። "እኔ አይቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።" ቀና ብላ ሻሿን አስተካከለች። "ስጫቸው። ፊቴ አይታይም። እጄን ማን ያውቀዋል?"

ፎቶውን በጨርቅ አድርቄ ይዤው ወጣሁ። ኢንጂነሩ ተቀበለኝ። አየውና ጀርባውን ሰጥቶን ወደ መንገዱ ዞረና እንደዚያው ቆየ። ጓድ ሽፈራው ከእጁ ወስዶ አገላብጦ አየው።

"ይሄ የኛው ሕንፃ ነው?"

"የኛው ነው" አልኩ።

"ያ ደረጃ?"

"ያው ደረጃ።"

መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ። "ሴትዮዋ ማን ናቸው?"

እናቴ ክንድ መለኪያዋን ይዛ ከሱቁ በር ላይ ቆማለች። ጓድ ሽፈራው ግን መልስ አልጠበቀም፤ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ከፎቶው ጀርባ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ጻፈበት፤ "ሰፊው ሕዝብ በአዲሱ ሕንፃ ሲገለገል።" ከመፈክሩ ፎቶ ጋር ፖስታ ውስጥ ከተተውና ለሹፌሩ ሰጠው።

መኪናው ከሄደ በኋላ እናቴ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "ሰፊው ሕዝብ እኔ ነኝ ማለት ነው?" አለችኝ። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ኢንጂነሩም መጣና ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮን ሳቀ።

መልሱ የመጣው በዚያው መኪና ነው፤ ከማልም ከነወረቀቱ በዚያው ተሳፍሮ ተመለሰ። ግድግዳው እንዳለ ይቆይ ተብሏል፤ ዝናብ እንዳያስገባ ግን ከላዩ የቆርቆሮ ጥላ ይሠራለት። ኢንጂነሩ የቆርቆሮው ነገር ትንሽ ከነከነው። "መልኩን ያበላሸዋል" እያለ አጉረመረመ። ኋላ ሲሠራ ግን ራሱ ቆሞ አሠራው፤ የጠዋቷ ፀሐይ ከሥሩ እንድትገባ አድርጎ። ጓድ ሽፈራው ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ደረጃው እየወሰደ ያሳይ ጀመር። ሐሳቡ የእሱ እንደነበር አድርጎ ይናገራል ሲሉኝ ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም።

ከማል ፎቶውን ሳይሆን ኔጋቲቩን ነው የጠየቀኝ። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ ለረጅም ጊዜ አየው። እንዴት እንደለካሁት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"እኔ ብሆን ለጥላው ብዬ ብርሃኑን አቃጥለው ነበር" አለ። ቀጥሎም የዕለት ሥራ እንደሚያከፋፍል ሰው፣ "ለሠርግና ለስብሰባ ጭቃ ለጭቃ መንከራተት ሰልችቶኛል። ከእንግዲህ የውጭውን ሥራ አንቺ ያዢው" አለኝ። እናቴ ሰማች። ምንም አላለችም። እኔ የምፈራው ዝምታዋን ስለነበር ያን ቀን እህል አልበላሁም።

እነሆ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዬ በብርሃን ፍለጋ አልፏል። ማሻ ሄጄ በጫካ መሐል የተሠራ ትምህርት ቤት አንስቻለሁ፤ ቴፒ የቡና መጋዘኖችን፣ ሸዋ ቤንች ክሊኒክ፣ እዚሁ ሚዛን በየጊዜው የሚወጡትን ሕንፃዎች። ሠርጉም፣ ልደቱም፣ መታወቂያውም አልቀረልኝም፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው። ደስ የሚለኝ ግን አንድ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሜ ፀሐይ የምትዞርበትን ሰዓት ስጠብቅ ነው። ሰዎች "ባዶ ግድግዳ ምን ያደርግልሻል?" ይሉኛል። እኔ ባዶ ግድግዳ እስካሁን አላገኘሁም። እናንተም በየቀኑ የምታልፉበት፣ አስቀያሚ ነው ብላችሁ የተዋችሁት ሕንፃ ካለ አንድ ጠዋት ቆም በሉለት። ምናልባት የመጣችሁበት ሰዓት ይሆናል ያልገጠመው።

የእናቴን ነገር ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ዝም ያለችው ተቀይማ አልነበረም። ከማል ያን በተናገረ በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። እኔ እንደ ልማዴ መጋረጃውን ገልጬ ወደ ጨለማዋ ክፍል ልገባ ስል ከኋላዬ ቀሚሴን ያዘችኝ። በሌላው እጇ ካሜራውን ይዛለች።

"እንዲህ ያለች ፀሐይ ወጥታ" አለችኝ፣ "አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ብላ በሩን ከፈተችልኝ።